ለማርስ የተቀመጠ ሽምግልና

አባቴ ስለ ማርስ የነበረው አቋም አጭር ነበር። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ይልና ዳቦውን መቁረሱን ይቀጥላል። ይህን የሚለው በሰንበት ማዕድ ላይ ነው፤ የሚለውም ለልጄ ነው። ልጄ ያኔ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ ከምድሩ ሰፈር ይልቅ የሰማዩን ታውቃለች። ከሺምሾን ሰፈር ወደ ራማት ኤሽኮል ሰፈር የትኛው አውቶቡስ እንደሚወስድ ስጠይቃት ስልኳን ታያለች፤ ማርስ ለምድር የምትቀርብበትን ጊዜ ግን በቃሏ ትነግረኛለች።

ጥፋቱ የእኔ ሳይሆን አይቀርም። እኛ በምንኖርባት በእስራኤሏ አሽቀሎን ውስጥ ሰው ወደ ሰማይ ቀና የሚለው ዝናብ መምጣቱን ለማየት ብቻ አይደለም። ቤታችን ማማድ አለው፤ ሮኬት ሲተኮስብን የማስጠንቀቂያው ሲሪን ሲጮህ የምንገባባት፣ ግድግዳዋ ወፍራም፣ መስኮቷ ብረት የሆነች ክፍል ናት። ልጄ ሕፃን ሳለች ሲሪኑ በጮኸ ቁጥር አቅፌያት ወደዚያች ክፍል እሮጣለሁ። እሷ ደግሞ ጭንቄ ሳይገባት «እማ፣ ሰማይ ላይ ምን አለ?» ትለኛለች። ምን ልበላት? የሚያስፈራውን ዘልዬ ስለ ኮከብ አወራሁላት። ከማውቀው በላይ ሳላወራ አልቀረሁም፤ ምክንያቱም ዓመታት አልፈው ልብ ስል ከማማዱ በር ጀርባ የማርስ ትልቅ ፎቶ ተለጥፎ አገኘሁ። እኔ ልጄን ከሰማይ ስሸሽግ እሷ ልትሄድበት ትዘጋጅ ነበር።

አባቴ ከላም በሰማይ ሌላ አንድ ጠንካራ ማስረጃ ነበረው፤ እሱም ሊፍታችን ነው። የሕንፃችን ሊፍት ከተበላሸ ሰንብቷል። አብሮን የሚኖረው አባቴ ከውጭ ሲገባ አራተኛ ፎቅ እስኪደርስ በየደረጃው ማረፊያ እየቆመ ትንፋሹን ይሰበስባል። በር ስከፍትለት ከሰላምታ በፊት የሚናገረው ይህንኑ ነው፦ «ሰውን አራተኛ ፎቅ ማውጣት ያቃታቸው ማርስ እናወጣለን ይላሉ!»

«ሳባ፣ ሊፍቱን የሚሠሩትና ሮኬት የሚሠሩት እኮ አንድ አይደሉም» ትለዋለች ልጄ በዕብራይስጥ። ሳባ አያት ማለት ነው።

«ማንም ይሁኑ። ገንዘቡ ካለ መጀመሪያ ይቺን ያስነሷት» ይላል እሱ በአማርኛ።

ሁልጊዜም እንዲህ ነው የሚነጋገሩት። እሱ በአማርኛ ይናገራል፣ እሷ በዕብራይስጥ ትመልሳለች፤ ይግባባሉ፣ አይስማሙም። እኔ መሀል ቁጭ ብዬ እንጀራዬን ሽሮ ውስጥ አጠቅሳለሁ። መጀመሪያ ላይ እንደ ጨዋታ ነበር የማየው፤ ደግሞም ያስቃል። አንድ ሰንበት ግን ልጄ ሳህኖቹን ይዛ ወጥ ቤት ተከተለችኝና ቧንቧውን ከፍታ፣ ድምፁ እንዳይሰማባት ነው መሰለኝ፣ «ትምህርት ቤት ሲስቁብኝ ግድ የለኝም። ሳባ ሲስቅ ግን ያመኛል» አለችኝ። ልቤ ክፉኛ ተነካ። አባቴን ሄጄ ልቆጣው አማረኝ፤ ግን አባት እንዴት ይቆጡታል? በዚያ ላይ ስለ ወጪው የሚናገረው ነገር ሐሰት አልነበረም።

ይህ በሆነ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ነው የክርክሩ ወሬ የመጣው።

ግቫት ጺዮን የሚባል ሰፈር ያለ አንድ የወጣቶች ክበብ ማድሪኽ፣ ማለትም ልጆቹን የሚመራው ወጣት፣ አንድ ሐሳብ አፈለቀ። የኛው ልጅ ነው፤ እዚሁ ተወልዶ ያደገ፣ አማርኛውን ሲናገር ተረከዙ ከፍ ባለ ጫማ እንደሚሄድ ሰው የሚጠነቀቅ። የሐበሻ ልጆች አማርኛ እየረሱ ነው ብሎ በራሱና በእኛ ሰፈር ክበብ መካከል የክርክር ውድድር አዘጋጀ፤ ሕጉ አንድ ብቻ፣ ዕብራይስጥ የተናገረ ነጥብ ይቀነስበታል። ርእሱ ደግሞ ሰውን ወደ ማርስ መላክ፦ ወጪው ይገባል ወይ? ቢገባስ ይቻላል ወይ? ያሸነፈው ቡድን ለአንድ ቀን ወደ ደቡብ በረሃ ይሄዳል። እዚያ መሬቱ ቀይና ድንጋያማ ስለሆነ፣ ማርስ ላይ ያሉ መስለው የጠፈር ልብስ ለብሰው፣ ድንኳን በመሰለ ቤት ተዘግተው የሚለማመዱ ሰዎች አሉ። ልጆቹም ልብሱን ይለብሳሉ፣ ቤቱንም ይገባሉ።

ልጄ ስትነግረኝ ወንበር ላይ መቀመጥ አቅቷት ቆማ ነበር። «እማ፣ እዚያ መሄድ አለብኝ። ገባሽ? አለብኝ!» እኔም ሳላስበው ተነሣሁ። ሁለታችን ወጥ ቤት ውስጥ ቆመን ምግቡ ሲያርር አልሸተተንም።

እኔ የምሠራው የአዛውንቶች የቀን መዋያ ውስጥ ነው። ጠዋት በመኪና ይመጣሉ፤ አብልቼ፣ መድኃኒታቸውን ሰጥቼ፣ ጨዋታቸውን ሰምቼ ከሰዓት እመልሳቸዋለሁ። ያ ማድሪኽ አንድ ቀን ወንበር ሊዋስ መጣና ፊቱ ጠቁሮ አየሁት። ዳኛ የሚሆኑት መምህራን አንዱ አመመኝ፣ አንዱ ሥራ ገባሁ ብለው ቀርተውበታል።

«ዳኛ ነው የጠፋህ?» አልኩት። አፌ ሁልጊዜ ይቀድመኛል። «ዳኛ እኮ እዚህ ሞልቷል! ዞር በልና እይ። እነዚህ ሰዎች አገራቸው ሳሉ ወሰን የተገፋፋውን፣ ትዳር የፈረሰበትን፣ ደም የተቃባውን ሳይቀር ጥላ ሥር ተቀምጠው ሲፈርዱ የኖሩ ናቸው። አንተ ስለ ማርስ ትጨነቃለህ?»

ልጁ አዛውንቶቹን አየ። አዛውንቶቹም አዩት። «ነገሩ ምንድን ነው?» አሉ ጋሼ፤ ዕድሜያቸውን ፋብሪካ ውስጥ ሲሠሩ የኖሩ፣ ጡረታ ከወጡ ጀምሮ እኛ ጋ የሚውሉ ሰው ናቸው። ሁለት ወገን እንደሚከራከር፣ የሚፈርድላቸው እንደሚፈለግ ነገርኳቸው። ጋሼ ራሳቸውን በቁም ነገር ነቀነቁ። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። እንሰማቸዋለን» አሉ።

ደንቡም ወዲያው ወጣ። ባገራችን ሽምግልና ሲቀመጥ እያንዳንዱ ወገን የሚያምነውን አንድ ሽማግሌ ይጠራል፤ ሁለቱም የሚስማሙበት ደግሞ መሀል ይቀመጣል። ጋሼ የመሀሉ ሆኑ። የግቫት ጺዮኑ ቡድን መሪ ልጅ አያቱን ጠራ፤ ከትግራይ የመጡ፣ አማርኛን በትግርኛ ለዛ የሚናገሩ፣ ሁላችንም እማማ የምንላቸው ሴት ናቸው። የልጄ ቡድን አባቴን ጠራ።

«የራሷን አያት?» አለ ማድሪኹ። «እንዲህማ አይሆንም፣ ያዳላል።»

«ለዚህ እኮ ነው ያኛውም አያቱን የጠራው» አልኩት። ልጁ ራሱን አከከና ሳቀ። ልጄ ግን አልሳቀችም። «እማ፣ ሳባ እኮ ማርስን ይቃወማል!» አለችኝ ቤት ስንገባ። እውነቷን ነው። ስፎክር ይህን ጉዳይ አላሰብኩትም ነበር።

ውድድሩ የተደረገው የኛ ሰፈር ክበብ ባለበት ሚቅላት ውስጥ ነው። ሚቅላት የሰፈር መጠለያ ነው፤ ከመሬት በታች በደረጃ ይወረዳል። ወጣቶቹ ግድግዳውን ሰማያዊ ቀብተው፣ ባንዲራ ስለው፣ የእጃቸውን አሻራ አትመውበት፣ ወንበር ደርድረውበታል። ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ወላጁ ከሥራ ልብሱ ሳይወጣ መጥቷል፣ ሕፃናት ባምባ የሚባለውን የኦቾሎኒ መክሰስ እየበሉ ይሯሯጣሉ። እኔን ልጄ የምታገባ ያህል ነው የጨነቀኝ።

ሽማግሌዎቹ ገና ደረጃው ላይ ሳሉ፣ ቀስ እያሉ ሲወርዱ፣ ማድሪኹ ሳንቲም ወረወረ። የክርክር ውድድር ደንቡ እንዲህ ነው አሉ፤ የትኛው ቡድን «ይገባል»፣ የትኛው «አይገባም» እንደሚል ዕጣ ይወስናል። ሳንቲሙ ወደቀ። ለልጄ ቡድን «አይገባም» ደረሰው።

ፊቷን አየሁት፤ ቀለሙ ሄደ። ተነሥቼ ወደ ማድሪኹ ስራመድ ከሩቅ ዓይኗን አፈጠጠችብኝና «ዲ፣ እማ!» አለች፣ ተይ ማለቷ ነው። «ሕጉ ነው። ማሸነፍ አለብኝ፣ በቃ።» ማርስ ለመድረስ ማርስን መርታት ነበረባት። ተመልሼ ተቀመጥኩ።

ሽማግሌዎቹ ከዚህ ሁሉ አንዱንም አላዩም። ወርደው፣ ተቀምጠው፣ ውሃ ጠጥተው ካበቁ በኋላ ጋሼ መረቁን፤ ረጅም ምርቃት ነበር፣ ሁላችንም አሜን አልን። ቀጥለው ወደ ልጆቹ ዞሩ። «የምንፈርደውን ትቀበላላችሁ?»

«አዎ» አሉ ልጆቹ።

«ዋሳችሁ ማነው?»

ልጆቹ ተያዩ። ዋስ የሚባል ነገር በሕይወታቸው ሰምተው አያውቁም። የዚያኛው ቡድን ልጅ ወደ ማድሪኹ ጠቆመ፤ ልጄም ጠቆመች። ማድሪኹ እየሳቀ እጁን አወጣ። «እሺ፣ እኔ ዋስ ነኝ!» አለ። የገባበትን አላወቀም። ከኋላ የተቀመጡ እናቶች በክንዳቸው ተጎሻሸሙ።

መጀመሪያ የተናገረው የእማማ የልጅ ልጅ ነው። ማርስ ጉዳዩ የነበረች አይመስለኝም፣ ኳስ ነው የሚወደው፤ ግን አንደበቱ ማር ነው። «ወጪው ብዙ ነው ይላሉ። አዎ፣ ብዙ ነው» ብሎ ጀመረ። «ግን ሀምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሀምሳ ሰው ጌጡ። አገሮች ቢካፈሉት የማይሸከሙት አይደለም። ይቻላል ወይ? ለሰማይ ተብሎ የተሠራው እኮ መጨረሻው እጃችን ይገባል፤ ስልካችሁ መንገድ የሚያሳያችሁ ከየት ሆኖ ነው? አሁን ይህን በረሃ እዩት፤ ቲማቲም ያበቅላል ያለ ማን ነበር? ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል!» አዳራሹ አጨበጨበ። እማማ ዳኛ መሆናቸውን ረስተው «ዕሰይ ወደይ!»፣ ዕሰይ ልጄ፣ ብለው እልል አሉ። ማድሪኹ ዳኛ እልል እንደማይል ሊያስረዳቸው ሞከረ፤ እማማ በትግርኛ የመለሱለትን እኔም አልሰማሁም።

ልጄ ተነሣች። በአማርኛ ከአንድ ዓረፍተ ነገር በላይ ስትናገር ሰምቻት ስለማላውቅ በሷ ፋንታ ትንፋሼን ያዝኩ።

«ገንዘቡ ይበቃል እንበል» አለች። «የሚሄደው ሰውስ? መንገዱ ብቻ ብዙ ወር ነው። ክብደት በሌለበት አጥንቱ ይሳሳል። እዚያ ሲደርስ አየር የለም፤ ብርዱ ይገድላል፤ የፀሐይ ጨረር እንዳይጎዳው ከመሬት በታች መኖር አለበት። ከእናቱ ጋር በስልክ ልጫወት ቢል፣ ደህና ነህ ወይ ብላው መልሱ እስኪመጣ ወጥ ይሠራል። መመለስ ቢፈልግ መንገዱ የሚከፈተው ጊዜውን ጠብቆ ነው። ይህን ሁሉ ወጪ የምናወጣው ሰው እንዲሰቃይ ነው?» ዙሪያዋን አየች፤ ከዚያ በእጇ ወደ ጣሪያው አመለከተች። «ደግሞስ የኛን ሕንፃ ታውቁታላችሁ። ሰውን አራተኛ ፎቅ ማውጣት ያቃታቸው፣ ማርስ እናወጣለን ይላሉ!»

ሚቅላቱ በሳቅ ፈረሰ። ሕንፃችን ውስጥ የሚኖሩት እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፤ ከዚያ ወደ አባቴ ዞር አልኩ። የገዛ ቃሉ ነው፣ ይኮራል ብዬ። አልሳቀም። ሁለት እጁን ምርኩዙ ላይ ደራርቦ ልጄን ትክ ብሎ ያያታል።

«ከመሬት በታች መኖር ምን እንደሆነ ከኛ በላይ የሚያውቅ የለም» ብላ ቀጠለች፤ ድምፅዋ ዝቅ አለ። «አሁን የተቀመጥንበት ሚቅላት ውስጥ ስንት ቀን ውለናል። ከእናንተ መሀል፣ እዚህ ለዘለዓለም ልኑር ያለ አለ?» አንድም እጅ አልተነሣም። «ስለዚህ ማርስ ማለት ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ነው።» ተቀመጠች።

ያን ጊዜ የአባቴ ፊት ሲለወጥ አየሁ። የተመታ ሰው ይመስል ነበር። ያዘነው በሷ ይሁን በሌላ ነገር አልገባኝም።

የእማማ የልጅ ልጅ ለመመለስ ተነሣ። ያዘጋጀው ነገር ነበረው፤ ግን ወረቀቱን አጠፈው። «እውነት ነው፣ እዚህ ማንም ሊኖር አልፈለገም» አለ። «ግን ኖርን።» ሌላ አልጨመረም። ሁሉም ባንዴ አጨበጨበ። ልጄ ራሷ አጨበጨበች። እንደዚያ ያለ ክርክር በየትኛውም የከበረ አዳራሽ የሚደረግ አልመሰለኝም።

ሽማግሌዎቹ ሊመክሩ ተነሡ። ማድሪኹ «አምስት ደቂቃ አላችሁ» አላቸው። ጋሼ በርኅራኄ አዩትና ደረጃውን ወጡ። ውጭ ከዛፉ ሥር አግዳሚ ወንበር አለ፤ እዚያ ተቀመጡ። ባምባው አለቀ፤ ሕፃናት ተኙ። ማድሪኹ ሁለት ጊዜ ወጥቶ ሁለት ጊዜ ተመለሰ። ልጄ ጥፍሯን ትበላለች። «እማ፣ ነጥብ መደመር ይህን ያህል ይፈጃል?» አለችኝ። ያኔ ነው አንድ ነገር የገባኝ፤ ሽማግሌዎቹ የነጥብ መሙያውን ወረቀት ወንበራቸው ላይ ትተውት ነበር የወጡት። አንዱም አልተነካም።

ተመልሰው ሲቀመጡ ጋሼ «ከመፍረዳችን በፊት አንድ ጥያቄ አለ» ብለው ለአባቴ ቃሉን ሰጡ።

አባቴ ወደ ልጄ ዞረ። «ያልሽው ከልብሽ ነው?»

ልጄ ወደ ማድሪኹ አየች፣ ወደ እኔ አየች። መዋሸት አትችልም፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ፊቷ ያጋልጣታል። «አይደለም፣ ሳባ» አለች።

«ታዲያ ማን አስገደደሽ?»

ማድሪኹ ጣልቃ ገባ። ሳንቲም መወርወሩን፣ የትኛው ወገን ምን እንደሚል ዕጣ እንደሚወስን፣ ይህም ልጆች በሁለቱም በኩል ማሰብ እንዲለምዱ መሆኑን ዘርዝሮ አስረዳ። በደንብ ነው ያስረዳው። ሽማግሌዎቹ ሰምተው ሲጨርሱ ተያዩ።

«ቆይ» አሉ ጋሼ፣ «እነዚህ ልጆች ጥል የላቸውም?»

«የላቸውም፣ ጋሼ።»

«ሰላም የነበሩትን ሳንቲም ወርውረህ አጣላሃቸው?»

«አላጣላሁም፣ አከራከርኩ እንጂ…»

«ከልቧ ያልሆነ ነገር አናገርካት?» አሉ እማማ። «ኸረ ወደይ፣ ይህማ ነውር ነው!»

ሚቅላቱ ውስጥ ሳቁን የቻለ አልነበረም። ማድሪኹ ላቡን ይጠርጋል። አባቴ ግን ምርኩዙን ወለሉ ላይ ሁለት ጊዜ አንኳኳ።

«ይቺ ልጅ የተናገረችው የእኔን ቃል ነው» አለ። «ቤት ውስጥ በየሰንበቱ ስላት የኖርኩትን። ከሷ አፍ ስሰማው ግን ሌላ ሰው ትዝ አለኝ። እኛ ጎንደር ሳለን፣ ኢየሩሳሌም እንገባለን ስንል ጎረቤቶቻችን ይስቁብን ነበር። ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ አብረን አርሰን አብረን የበላን ናቸው። አባቴን፣ ነፍሱን ይማርና፣ ምን ይሉት እንደነበር ታውቃላችሁ? ላም አለኝ በሰማይ። አባቴ ሳያያት ሞተ። እኔ እነሆ በዚህችው አገር፣ ባሕር ዳር እኖራለሁ። ያን ቃል ይዤው መምጣቴን እስከ ዛሬ አላወቅኩም ነበር።» ወደ ጋሼ ዞረና፣ «ወጪው ብዙ ነው፤ አሁንም ብዙ ነው እላለሁ። ሊፍቱም ይሠራ። በልጅቷ ግን ሁለተኛ አልስቅም» አለ።

ልጄ አፏን በእጇ ሸፈነች። እኔ አለቀስኩ፤ አልደብቅም፣ እየሳቅኩ አለቀስኩ።

ጋሼ ፍርዱን ተናገሩ። ወጪውን በሚመለከት ሁለቱም ወገን እውነት አለው፤ የተራበ ሳይዘነጋ ይካፈሉት። ይቻላል ወይ ለሚለው ግን አንድ የጎደለ ነገር ተገኝቷል። «ሐኪም ትልካላችሁ፣ መሐንዲስ ትልካላችሁ» አሉ። «ጥቂት ሰዎች ጠባብ ቤት ውስጥ ዓመት ከመንፈቅ፣ ከዚያም በላይ ተዘግተው ሳይጣሉ ይቀራሉ? እዚህ ሚቅላት ውስጥ በአንድ ቀን ስለ ፍራሽ ስንት ሰው አስታርቀናል! የሚያስታርቃቸው ማነው? በስልክ መልስ እስኪመጣ ወጥ ይሠራል ብላችኋል፤ ከዚህ ሆኖ ማስታረቅ አይቻልም። ሽማግሌ ከላካችሁ ይቻላል። ካልላካችሁ አይቻልም።»

ልጆቹ ወንበር እየደበደቡ ጮኹ። ማድሪኹ ግን በእጁ የጊዜ ማቆሚያ ምልክት ሠራ። «እሺ፣ ግን ማን አሸነፈ? ቴይኩ ነው?»

«ቴይኩ ምንድን ነው?»

«ማንም አላሸነፈም ማለት ነው።»

«አይ» አሉ ጋሼ፣ «ማንም አልተሸነፈም። ተነሡ ልጆች፣ ተሳሳሙ። ካሳውን ደግሞ ያጣላችሁ ሰው ይከፍላል፤ ሁለታችሁንም ወደ በረሃው ይወስዳል።»

«ሁለቱንም? ጋሼ፣ የተሰጠኝ መኪና ትንሽ ነው! የተፈቀደው ለአንድ ቡድን ነው!»

«ዋስ ነኝ አላልክም?»

«እኔ… ብያለሁ፣ ግን…»

አባቴ ምርኩዙን ተደግፎ መነሣት ጀመረ። እማማም ነጠላቸውን እያስተካከሉ ተነሡ። «እግርህ ላይ ወድቀን እንለምንህ?» አለ አባቴ፣ በፍጹም ትሕትና፤ ጉልበቱንም ማጠፍ ጀመረ።

እዚህ አገር ይወለድ እንጂ ልጁ የኛ ልጅ ነው። አዛውንት እግሩ ላይ ሲወድቅ ቆሞ የሚያይ ሐበሻ የለም። ዘሎ አባቴን በሁለት ክንዱ ያዘው። «ማ ፒትኦም፣ ምን ሲደረግ፣ አባባ! ይቀመጡ! በእግዚአብሔር ይቀመጡ! እወስዳቸዋለሁ፣ አውቶቡስ እፈልጋለሁ፣ ሁሉንም እወስዳለሁ!» በድንጋጤ ግማሹን በዕብራይስጥ ነው የተናገረው፤ ነጥብ የሚቀንስበት ግን አልነበረም። እልልታው ከሚቅላቱ ወጥቶ መንገድ ላይ ተሰማ።

ያን ቀን ወደ ቤት ስንመለስ ልጄ አያቷን ክንዱን ይዛ ደረጃውን ታወጣው ነበር። ሁለተኛው ማረፊያ ላይ እንደ ልማዱ ሊያርፍ ቆመ። «ሳባ» አለችው፣ በአማርኛ፤ ክርክሩ አልቆ ሳለ። «የእውነት ልሂድ ብል ትለቀኛለህ?» አባቴ ትንፋሹን ሰበሰበና የሚቀጥለውን ደረጃ ረገጠ። እኔ ከኋላ ሆኜ፣ ምን ሊል ነው ብዬ ጆሮዬ ቆሞ፣ እስከ ቤታችን በር ጠበቅኩ። አላለም።

መልሱ የመጣው አውቶቡሱ በቆመበት ጠዋት ነው። ማድሪኹ ከየት እንደለመነው እንጃ፣ እውነተኛ አውቶቡስ አቅርቧል፤ የሁለቱም ቡድን ልጆች ከውስጥ ይጮሃሉ። እኔ የሥራ ልብሴን እንደለበስኩ፣ ለልጄ ሳንድዊችና ውሃ ሰጥቼ ወደ ሥራ ልሮጥ ነበር። ዞር ስል አባቴ ይመጣል። ነጭ ጋቢውን ለብሷል፣ የበዓል ባርኔጣውን አድርጓል። ሊፍቱ እንደቆመ ነው፤ ያንን ሁሉ ደረጃ ብቻውን ወርዶ ነው የመጣው።

«ሳባ፣ ወዴት ነው?» አለች ልጄ ከአውቶቡሱ ደረጃ ላይ።

«ልሸኝሽ ነዋ። ሩቅ አገር የሚሄድ ሰው ከደጅ አይሸኝም። ቢያንስ እስከ ወንዙ ነው።»

«እዚህ ወንዝ የለም እኮ።»

«በረሃው ወንዝ ይሁን» አለ። «እዚያ ድረስ እሸኝሻለሁ። የቀረውን አንቺ ታውቂዋለሽ።»

ልጄ ወርዳ አቀፈችው። ከዚያ ክንዱን ይዛ አሳፈረችውና መስኮቱ ጋ አስቀመጠችው። ማድሪኹ ይህን ሁሉ አየና የተሳፋሪዎቹ ዝርዝር ላይ የአባቴን ስም ጨመረ። ሽማግሌ ካልተላከ አይቻልም የተባለውን እሱም ሰምቷል።

እኔ እታች እንደቆምኩ ነኝ። እነዚያን ሁሉ ዓመታት ልጄን ከሰማይ ስሸሽግ የኖርኩ ሰው፣ ሁለቱን በመስኮት ጎን ለጎን ተቀምጠው ሳያቸው ፍርሃትም ደስታም ባንድ ጊዜ ደረቴን ሞላው። አባቴ መስኮቱን ከፈተ። «አንቺስ? እናት ሳትሸኝ?»

ስልኬን አወጣሁና አለቃዬ ጋ ደወልኩ። ዛሬ ሥራ መግባት እንደማልችል፣ ልጄን መሸኘት እንዳለብኝ ነገርኳት።

«ወዴት ነው የምትሄደው?» አለችኝ።

«ወደ ማርስ» አልኳት፣ አንድ እግሬን አውቶቡሱ ላይ አድርጌ።

«አንቺስ መቼ ትመለሻለሽ?» አለች።

«ማታ» አልኳትና ገባሁ።